በብርሃን ፍጥነት አካባቢ የሚበር ነገር ለተመልካች ምን ይመስላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ አንስታይን የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ የሚጻፉ ብዙ መግቢያ ጽሑፎች አንድ ሥዕል ይደጋግማሉ። መንኮራኩር እየበረረ፣ ከፊትና ከኋላ ተጨፍልቆ። ሥዕሉ ልኬቱን ያሳያል እንጂ ዓይን የሚያየውን አያሳይም። ዓይን የሚያየው ነገር ደግሞ ከዚያ በጣም የበለጠ ደስ ይላል፤ ይህን ሁሉ የምጽፈውም ለዚያ ነው።

ቁጥሮቹ እንዲያያዙ በአብዛኛው አንድ ፍጥነት ይዤ እሄዳለሁ፤ የብርሃንን ፍጥነት 80 በመቶ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሁሉም ነገር የሚሆነው ባዶ ህዋ ውስጥ ነው ብላችሁ ያዙ። አየር ካለ ጨዋታው ሌላ ነው። በዚህ ፍጥነት የሚሄድ 1 ኪሎ ግራም ድንጋይ የሚይዘው ጉልበት ከ14 ሚሊዮን ቶን ቲኤንቲ ፈንጂ ጋር ስለሚስተካከል፣ አጠገቡ ቆሞ የሚያይ ሰው አይኖርም።

ወደ ብርሃን ፍጥነት የተጠጋ ነገር አጥሮ ነው የሚታየው፣ አይደል?

አጥሮ ነው የሚለካው። ጆርጅ ፊትዝጀራልድ በ1889፣ ሄንድሪክ ሎሬንትዝ ደግሞ በ1892 ሐሳቡን አነሱት፤ አንስታይን በ1905 ትክክለኛ ቦታውን አስያዘው። የሚንቀሳቀስ ዕቃ በሚሄድበት አቅጣጫ ያጥራል። በ80 በመቶ 1 ሜትር የነበረው 60 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ክርክር የለም።

ቆማችሁ ስታዩት ግን ሌላ ነው። ወደ እናንተ ሲመጣ ረዝሞ ይታያል። ሲርቅ ደግሞ ከልኬቱም በታች አጥሮ ይታያል። 60 ሴንቲ ሜትሩን የምታዩት ልክ ጎናችሁ ሲደርስ ነው፤ ያኔም ቢሆን ያጠረ ሳይሆን ዞር ያለ ነው የሚመስለው።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይህን ለማስተዋል የወሰደው ጊዜ ነው። ከ1905 በኋላ ስንትና ስንት ትልልቅ የፊዚክስ ሰዎች የተጨፈለቀውን ሥዕል እንዳለ ተቀበሉት። አንቶን ላምፓ በ1924 ጉዳዩን በጽሑፍ አነሳው፣ ብዙም ትኩረት ሳያገኝ ቀረ። እስከ 1959 ድረስ። በዚያ ዓመት ጄምስ ቴረልና ሮጀር ፔንሮዝ ለየብቻቸው እየሠሩ እዚያው መደምደሚያ ላይ ደረሱ። ክስተቱ ዛሬም በሁለቱ ስም ይጠራል።

መለካትና ማየት ምን ለያቸው?

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፤ ይህ ከገባችሁ የቀረው ሁሉ ስሌት ብቻ ነው።

መለካት ማለት የዕቃው ሁለት ጫፎች በአንድ ቅጽበት የት የት እንደነበሩ መመዝገብ ነው። በመንገዱ ዳር ብዙ ሰዓቶች ተደርድረው፣ እኩል ተሞልተው፣ እያንዳንዱ "በዚህ ሰዓት ጫፉ እዚህ ነበር" ብሎ ይመዘግባል። ከዚያ መዝገቦቹ ይሰበሰባሉ። ርዝመቱ በኋላ በስሌት ይገኛል።

ዓይን ግን አንድ ቦታ ላይ ነው። የሚያየው በአንድ ቅጽበት የደረሰለትን ብርሃን ነው፤ አብሮ የደረሰ ብርሃን ደግሞ የግድ አብሮ አልተነሳም። ከሩቁ ጫፍ የመጣው ቀደም ብሎ ተነስቷል፣ ከቅርቡ የመጣው ዘግይቶ። ብርሃን በ1 ናኖሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ውስጥ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። ተራ ዕቃ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከቦታው ንቅንቅ አይልም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ልዩነቱ ታይቶን አያውቅም። ዕቃው ራሱ በ1 ናኖሰከንድ 24 ሴንቲ ሜትር የሚሄድ ከሆነ ግን የምታዩት ምስል ከተለያዩ ጊዜያት ተለቃቅሞ የተገጣጠመ ይሆናል።

በድምፅ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከፍ ብሎ የሚበር ጄት ድምፁ ወደሚመጣበት ቀና ስትሉ ጄቱ እዚያ የለም፣ ቀድሞ ሄዷል። የሰማችሁት የቅድሙን ቦታ ነው።

እሺ፣ ወደ እኔ የሚመጣ ነገር እንዴት ረዝሞ ይታያል?

አንድ ዘንግ እንውሰድ። ቆሞ ሲለካ 3 ሜትር ነው። በ80 በመቶ ወደ እናንተ እየመጣ ነው፤ ፊቱ ብቻ እንዳይታያችሁ ከመስመሩ ትንሽ ፈቀቅ ብላችኋል። አጥሮ 1.8 ሜትር ሆኗል።

አሁን ከፊተኛው ጫፍና ከኋለኛው ጫፍ የሚነሳው ብርሃን ዓይናችሁ ጋ እኩል እንዲደርስ የኋላው ቀድሞ መነሳት አለበት፣ መንገዱ ይረዝማላ። ስንት ይቀድማል? ብታሰሉት 30 ናኖሰከንድ ነው። ከ30 ናኖሰከንድ በፊት ግን ዘንጉ ራሱ 7.2 ሜትር ወደ ኋላ ነበር። 7.2 ላይ 1.8 ጨምሩ፤ 9 ሜትር። ስለዚህ የፊቱን ጫፍ አሁን ባለበት፣ የኋላውን ጫፍ ደግሞ ከዚያ 9 ሜትር ርቆ ታዩታላችሁ። 3 ሜትር የነበረው፣ 1.8 የሚለካው ዘንግ፣ 9 ሜትር ሆኖ ነው የሚታያችሁ።

አልፏችሁ ሲሄድ ተቃራኒው ይሆናል። አሁን ሩቁ ጫፍ የፊተኛው ነው፤ የእሱ ብርሃን ቀድሞ ሲነሳ ዘንጉ ገና ብዙ አልራቀም ነበር። ውጤቱ 1 ሜትር። ሲመጣ በሦስት ተባዛ፣ ሲሄድ ለሦስት ተካፈለ። ፍጥነቱ ከ80 ከፍ ሲል ይህ ቁጥር ይብሳል፤ በ99 በመቶ 14 እጥፍ ገደማ ነው።

በጎን ሲያልፍ ዞሮ ይታያል የሚባለውስ?

ይህን በኪዩብ ማየት ይሻላል። ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኪዩብ፣ ራቅ ብሎ ከግራ ወደ ቀኝ ያልፋል። ቆሞ ቢሆን ኖሮ የሚታያችሁ ወደ እናንተ የዞረው ፊቱ ብቻ ነው፤ የኋላ ፊቱን፣ ማለትም ከሄደበት አቅጣጫ በስተጀርባ ያለውን፣ ልታዩት አትችሉም።

ሲበር ግን ትንሽ የማይታመን ነገር ይሆናል። ከኋላ ፊቱ ከሩቁ ጥግ የተነሳ ብርሃን በተለመደው ሁኔታ ራሱ ኪዩቡ ይጋርደው ነበር። አሁን ግን ኪዩቡ ከመንገዱ ላይ በፍጥነት ገለል ይልለታል፣ ብርሃኑም ያልፋል። ያ ጥግ ከቅርቡ ጥግ 10 ሴንቲ ሜትር ስለሚርቅ ብርሃኑ አንድ ሦስተኛ ናኖሰከንድ ቀድሞ ነው የተነሳው፣ በዚያ ጊዜ ኪዩቡ 8 ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ ነበር። ስለዚህ የኋላ ፊቱ 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይዞ ይታያል። ወደ እናንተ ያለው ፊት ደግሞ አጥሮ 6 ሴንቲ ሜትር ሆኗል።

6 እና 8። የቆመ ኪዩብ ወስዳችሁ 53 ዲግሪ ብታዞሩት የሚታያችሁም በትክክል 6 እና 8 ነው። ዓይን ልዩነቱን የሚያውቅበት መንገድ የለም። የቴረል ጽሑፍ ርዕሱም በግርድፉ "የሎሬንትዝ ማጠር አይታይም" የሚል ነው።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ይህ ንጹሕ መዞር የሚሠራው ዕቃው ከርቀቱ አንጻር ትንሽ ሆኖ ሲታይ ነው። ሰፊ ነገር ከሆነ፣ ለምሳሌ አግድም ተዘርግቶ ወደ እናንተ የሚመጣ ረጅም ዘንግ፣ ጫፎቹ ከመሃሉ ይልቅ ከእናንተ ስለሚርቁ የቆየ ብርሃናቸው ነው የሚደርሰው፤ ቀጥ ያለው ዘንግ ጫፎቹ ወደ ኋላ የጎበጡ ሆኖ ይታያል። ቅርብና ትልቅ ነገር መዞር ብቻ ሳይሆን ይጣመማልም።

ኳስስ?

ኳስ ኳስ ሆኖ ይቀራል። በየትኛውም ፍጥነት፣ ከየትኛውም አቅጣጫ፣ የዙሪያው መስመር ክብ ነው። ፔንሮዝ በ1959 ያረጋገጠው ይህን ነው። ላዩ ላይ ሥዕል ካለበት ሥዕሉ ዞሮ ታያላችሁ፣ ጠርዙ ግን አይጨፈለቅም።

ታዲያ ማጠሩ ውሸት ነው ማለት ነው?

በፍጹም። እንዲያውም ክብ ሆኖ የታየው በማጠሩ ነው! ማጠር ባይኖር ኖሮ የብርሃን መዘግየት ብቻውን ኳሱን አስረዝሞ እንደ እንቁላል ያሳየን ነበር። ሁለቱ ተገናኝተው ይጣጣማሉ። ኪዩቡም እንዲሁ ነው፤ የፊቱ 6 ሴንቲ ሜትር ከማጠር የመጣ ነው፣ 8ቱ ከመዘግየት። ማጠሩን ብትሰርዙት 10 እና 8 ይሆናል፣ ያ ደግሞ ዞሮ የቆመ ኪዩብ ሳይሆን የተለጠጠ ነገር ነው።

ቀለሙስ ይቀየራል?

በጣም። ለነገሩ ከቅርጹ በፊት ዓይናችሁ የሚይዘው ቀለሙን ነው። ወደ እናንተ ሲመጣ በ80 በመቶ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ለሦስት ይካፈላል። 600 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው) የሆነ ብርቱካናማ 200 ናኖሜትር ይሆናል፣ ያ አልትራቫዮሌት ነው፣ ዓይን አያየውም። በእሱ ፋንታ የሚታያችሁ ቆሞ ሳለ የማይታይ የነበረው ኢንፍራሬድ ነው። ሲርቅ ያው 600 ናኖሜትር ወደ 1800 ይሄዳል፣ አሁንም አይታይም።

ቀለሙ ከሰማያዊ ወደ ቀይ የሚዞረው ልክ ጎናችሁ ሲደርስ ይመስላል፤ እንደዚያ አይደለም። ጎናችሁ ሊደርስ 30 ዲግሪ ሲቀረው ነው ትክክለኛ ቀለሙን የምታዩት። ልክ ጎናችሁ ሲደርስ ቀድሞ ቀልቷል፤ 600 ናኖሜትሩ 1000 ሆኗል። ይህ የሚመጣው የእሱ ጊዜ ከእናንተ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ነው፣ የተለመደው ዶፕለር፣ ማለትም ምንጩ ሲቀርብ ወይም ሲርቅ የሚመጣው የሞገድ ለውጥ፣ እዚያ ነጥብ ላይ ምንም ለውጥ አይሰጥም ነበር።

ብሩህነቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ሙቀቱ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ፣ ጨለማ ውስጥ ያለ ብረት አስቡ። ከፍጹም ዜሮ ጀምሮ በሚቆጥረው መለኪያ 300 ኬልቪን ነው፣ የሚረጨው ኢንፍራሬድ ብቻ ስለሆነ አይታይም። በ80 በመቶ ሲመጣባችሁ ግን ልክ 900 ኬልቪን እንደሆነ ነገር ነው የሚታየው። በዚያ ሙቀት ብረት ደብዘዝ ያለ ቀይ ብርሃን ይሰጣል። ራሱ ብረቱ ግን አልጋለም፣ ቢነካ እንኳ ያው 27 ዲግሪ ነው። ካለፋችሁ በኋላ 100 ኬልቪን ይመስልና ጨለማ ውስጥ ይጠፋል። የሚረጨው ብርሃንም በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም፤ ግማሹ ከፊቱ ባለች፣ ከመሃሏ እስከ ጠርዟ 37 ዲግሪ በሆነች ሾጣጣ ውስጥ ይታጨቃል። በ99 በመቶ ደግሞ 8 ዲግሪ ገደማ ትሆናለች።

ሰዓት ተሸክሞ ቢመጣ ሰዓቱ ቀስ ብሎ ሲቆጥር አያለሁ?

ሲመጣ ፈጥኖ ነው የሚታያችሁ። መንኮራኩሩ 8 የብርሃን ደቂቃ ርቀት ላይ ይነሳ፤ ከምድር እስከ ፀሐይ ያህል መሆኑ ነው። በ80 በመቶ 10 ደቂቃ ይፈጅበታል። የተነሳበት ብርሃን ግን እናንተ ጋ የሚደርሰው በ8ኛው ደቂቃ ነው። እስከዚያ ድረስ ቆሞ ነው የምታዩት። ከዚያ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጠቅላላ ጉዞውን ታዩና ደረሰ።

በመንኮራኩሩ ሰዓት ጉዞው 6 ደቂቃ ነበር። እናንተ 6ቱን ደቂቃ በ2 ደቂቃ አያችሁት፣ ሦስት እጥፍ ፈጥኖ። አልፎ 8 የብርሃን ደቂቃ ሲርቅ ደግሞ 10 ደቂቃ ሄዶ፣ ብርሃኑ ለመመለስ ሌላ 8 ይፈጅበታል። 6ቱን ደቂቃ በ18 ደቂቃ ታዩታላችሁ። ጊዜ ቀስ አለ የሚባለው 6 ለ10 የሚገኘው የብርሃኑን ጉዞ አስልታችሁ ካወጣችሁ በኋላ ነው።

ቆይ፣ 8 የብርሃን ደቂቃን በ2 ደቂቃ? ከብርሃን በ4 እጥፍ ፈጠነ እኮ!

አዎ፣ እንደዚያ ይታያል። ሕግ አልተጣሰም። መንኮራኩሩ የራሱን ብርሃን ከኋላ ከኋላ እየተከተለ ስለመጣ፣ የመነሻውና የመድረሻው ብርሃን እናንተ ጋ ሲደርሱ ተጠጋግተው ነው። ብርሃኑን ግን አልቀደመውም፤ 2 ደቂቃ ዘግይቶ ነው የገባው።

ማርቲን ሪስ ገና ወጣት ተመራማሪ ሳለ በ1966 ይህ በሰማይ ሊታይ እንደሚችል ተነበየ። በ1971 ደግሞ የራዲዮ ቴሌስኮፖች 3ሲ 279 በሚባለው ኩዌዛር (እጅግ ብሩህ የሩቅ ጋላክሲ መሃል) ውስጥ ከብርሃን በላይ የሚፈጥን የሚመስል እንቅስቃሴ ያዙ። ቆንጆው ምሳሌ ግን ኤም87 ነው። ይህ ጋላክሲ 55 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቀናል። ከመሃሉ፣ ከግዙፉ ብላክ ሆል አካባቢ፣ አንድ ቀጥ ያለ፣ እጅግ ፈጣን ቁስ የሚወረወርበት ጨረር ይወጣል፤ ሄበር ከርቲስ በ1918 ነው መጀመሪያ ያየው። ሃብል ቴሌስኮፕ የጨረሩን ጉብታዎች ዓመት ቆጥሮ እየደጋገመ ፎቶ ሲያነሳ አንዳንዶቹ ከብርሃን 6 እጥፍ የሚሄዱ መስለው ተገኙ፣ ውጤቱም በ1999 ታተመ። ጨረሩ ወደ እኛ ስላዘነበለ ነው። በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄደው መንታው ደግሞ በሃብል ፎቶ ላይ አይታይም፤ ብርሃኑን ወደ ፊቱ ስለሚያጭቅ እኛን ጀርባ ሰጥቶናል። ያንን ፎቶ ፈልጋችሁ እዩት። ከላይ ያነበባችሁት ነገር በአንድ ሥዕል ውስጥ አለ።

የመዞሩን ነገርስ በላብራቶሪ ያየው አለ?

በቀጥታ የለም። ኪዩብን ወደዚያ ፍጥነት የሚያደርስ ጉልበት የለንማ። በ2025 ግን የቪየና ተመራማሪዎች ጥሩ ዘዴ ተጠቅመው ቀረጹት። ዕቃውን ከማፍጠን ይልቅ ብርሃንን ያዘገዩ አስመሰሉ። እጅግ አጭር የሌዘር ብልጭታ ይለቃሉ፤ በፒኮሰከንዶች (ፒኮሰከንድ የናኖሰከንድ አንድ ሺኛ ነው) የሚከፈትና የሚዘጋ ካሜራ ከዕቃው ላይ በዚያች ቅጽበት የተመለሰውን ስስ የብርሃን ቁራጭ ብቻ ይይዛል። ዕቃውን ትንሽ ያንቀሳቅሱና ቀጣዩን ቁራጭ ያነሳሉ። ቁራጮቹ ሲገጣጠሙ ብርሃን በሰከንድ ከ2 ሜትር በታች የሚሄድ ያህል ሆነ።

ማጠሩን ራሳቸው ዕቃው ላይ ሠሩት፤ ኪዩቡን በሚሄድበት አቅጣጫ ወደ 60 በመቶ አሳጠሩት፣ ኳሱንም ጠፍጣፋ አደረጉት። በተገጣጠመው ፎቶ ላይ ግን ኪዩቡ ዞሮ፣ ጠፍጣፋው ነገር ደግሞ ክብ ኳስ ሆኖ ወጣ። ከ1959 ጀምሮ በወረቀት ላይ የነበረ ነገር በፎቶ!

እኔ ራሴ ተጓዥ ብሆንስ ምን አያለሁ?

ለእናንተ ዓለም ናት የምትንቀሳቀሰው፣ ስለዚህ ያው ሕግ በሰማዩ ላይ ይሠራል። ከዋክብት ወደ ፊታችሁ ይሰበሰባሉ። በ80 በመቶ በትክክል ጎናችሁ የነበረ ኮከብ ከፊታችሁ 37 ዲግሪ ላይ ይታያል። ከኋላችሁ የነበሩ ብዙዎቹም ዞረው ፊት ለፊት ይመጣሉ፤ ከኋላ ያለው ሰማይ ይሳሳል፣ ይጨልማል። የፊቶቹ ወደ ሰማያዊ ያደላሉ፣ ይደምቃሉ።

ይህ ለምናብ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም፣ በትንሹ ሁሌም አብሮን አለ። ምድር ፀሐይን በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ስትዞር ከዋክብት ከቦታቸው ትንሽ ፈቀቅ ይላሉ። 1 ዲግሪን 3600 ቦታ ብትከፍሉት ከ20 ትንሽ የሚበልጠውን ያህል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ጄምስ ብራድሊ ይህን በ1728 አሳወቀ፤ ከአንስታይን ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ቀድሞ።

በዓይናችን እንዲህ ያለ ነገር መቼ እናያለን?

በትልቅ ዕቃ ቅርብ አይመስለኝም። እስካሁን ሰው ከሠራቸው መንኮራኩሮች ፈጣኑ ፓርከር ሶላር ፕሮብ ነው፤ በታኅሣሥ 2024 ወደ ፀሐይ ሲጠጋ በሰከንድ 192 ኪሎ ሜትር ገደማ ደርሷል። ያ እንኳ የብርሃን ፍጥነት አንድ በመቶውን አንድ አሥረኛ አይሞላም። ጄኔቫ አጠገብ ባለው ትልቁ የቅንጣት ማፋጠኛ ውስጥ ፕሮቶኖች ከ99.9999 በመቶ በላይ ይሄዳሉ፣ ግን ፕሮቶን ፎቶ የሚነሳ ቅርጽ የለውም። ስለዚህ ለጊዜው ያለን የኮምፒውተር ሥዕል፣ የቪየናው ዓይነት ዘዴና የሩቅ ጋላክሲዎች ጨረር ነው።

ልክ በብርሃን ፍጥነት የሚመጣ ነገርስ እንዴት ይታያል?

ክብደት ያለው ነገር እዚያ አይደርስም። የሚደርሰው ብርሃን ራሱ ነው፣ እሱ ደግሞ ሲመጣ አይታይም፤ ስለ መምጣቱ የሚነግራችሁ ሌላ ብርሃን ሊቀድመው ስለማይችል፣ የምታውቁት ዓይናችሁ ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው።